የትኛዋ ዘይነብ?



በዚህ ጽሑፍ «እኛ» ስንል ከቆቦ፣ ከሮቢት፣ ከጎብዬና ከዞብል መጥተን በዚህ ግቢ የምንማር፣ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ማታ መድረሳ እየተመላለስን ያደግን ልጆች ማለታችን ነው። አብዛኞቻችን የምህንድስና ተማሪዎች ነን። ሰፊነቱ ነጃን ሸኻችን ፊት ቁጭ ብለን ተምረናል፤ ፊዚክስን ደግሞ ለአራት አንድ መጽሐፍ እየተካፈልን። ታዲያ ዛሬ አንድ ነገር ሲያስጨንቀን የምንጠይቀው ሸኻችንንም መምህራችንንም አይደለም። ብርድ ልብስ ተከናንበን፣ ስልካችንን አውጥተን፣ የማናውቀውን ሰው እንጠይቃለን።

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ማታ ዶርም ውስጥ ተሰብስበን፣ ማን ምን እንደጠየቀ ሳንናገር፣ ለቴሌግራም ቻናሎችና ለጥያቄ መቀበያ ቦቶች የላክናቸውን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ጻፍናቸው። ዝርዝሩ እኛኑ አስገረመን። ጌም መጫወት ሐራም ነው ወይ የሚለው አራት ጊዜ ተጽፏል። ክፍል ውስጥ ሴቶች ባሉበት ቡድን ፕሮጀክት መሥራት ይቻላል ወይ? የሴት ድምፅ ዐውራ ከሆነ እህታችን ፕሬዘንቴሽን ስታቀርብ ምን ታድርግ? አያቴ ወዳጃ ትቀመጣለች፣ ሺርክ ነው ወይ? ሶላት ስሰግድ ልቤ ምንም አይሰማውም፣ ሙናፊቅ ሆኛለሁ ወይ? ስለ መንግሥት ፌስቡክ ላይ የጻፈ ሰው መሪ ላይ እንደወጣ ይቆጠራል ወይ? ከዝርዝሩ ግርጌ ደግሞ አንዱ በደቃቅ ጽሕፈት «ሌሊት መተኛት ያልቻለ ሰው የሚቀራው ዱዓ አለ?» ብሎ ጽፎ ነበር። ወደዚህች ጥያቄ እንመለሳለን።

ለምን የማናውቀውን ሰው? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ይሉኝታ። እንደ ቆቦ ባለ ከተማ ሸኹ የአባትህ ወዳጅ ናቸው። የጠየቅከው ነገር ከአንተ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ሴት ልጅ ከሆነችማ ጥያቄዋ ራሱ እንደ ጥፋት ይቆጠርባታል፤ «ይህን ለማወቅ ምን አስፈለጋት?» ይባላል። ሁለተኛው ምክንያት ብዙ አይወራም፤ ፍርሃት ነው። በ2004 የሙስሊሙ ኅብረተሰብ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ሲታሰሩ እኛ ገና አሊፍ፣ ባ የምንቆጥር ልጆች ነበርን። የ«ድምፃችን ይሰማ» ጥሪ ከፌስቡክ ተነስቶ መስጂድ ለመስጂድ ይዳረስ በነበረበት በዚያ ጊዜ የ«የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸውም ሐምሌ 2004 ታስሯል። በ2007 ለኮሚቴው አባላትና አብረዋቸው ለተከሰሱት የተፈረደው ከ7 እስከ 22 ዓመት ነበር። የኋላ ኋላ ሁሉም ተፈቱ፣ አልሐምዱሊላህ። ታላላቆቻችን ግን ከዚያ ዘመን አንድ ልማድ ይዘው ወጡ፤ ስምህን አትጻፍ፣ ፎቶህን አትለጥፍ፣ ሰው ፊት አትጠይቅ። ልማዱን እኛም ወረስን። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ 958/2008 እና የጥላቻ ንግግር አዋጁ 1185/2012 ሲመጡ ምን እንደሚከለክሉ አንብቦ የተረዳ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ያላነበበው ደግሞ ሁሉንም ነገር ይፈራል፤ ስለ ፖለቲካ ብቻ ሳይሆን ስለ ዉዱእም ስሙን ደብቆ ይጠይቃል።

ስምን ደብቆ መጠየቅ ግን አዲስ ነገር አይደለም፤ ነውርም አይደለም። ዓልይ (ረ.ዐ) ስለ መዝይ መጠየቅ አሳፍሯቸው፣ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ባል ናቸውና፣ ሚቅዳድን ልከው አስጠይቀዋል። ከዚህም በላይ ለእኛ የሚቀርብ አንድ ታሪክ አለ፤ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። የዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ ባለቤት ዘይነብ፣ ለባሏና ቤቷ ለምታሳድጋቸው የቲሞች የምታወጣው ገንዘብ ሶደቃ ይሆንላት እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ሄደች። በር ላይ ያንኑ ጥያቄ ይዛ የመጣች አንዲት የአንሷር ሴት አገኘች። መግባት ከበዳቸው። በዚህ መካከል ቢላል ወጣ። የእኛው ሐበሻ ቢላል። ጠይቅልን፣ ማን እንደሆንን ግን አትንገር አሉት። ቢላል ገብቶ ጠየቀ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ጠያቂዎቹ እነማን እንደሆኑ ጠየቁት። ቢላልም ከአንሷር የሆነች ሴትና ዘይነብ ናቸው አለ። ከዘይነቦቹ የትኛዋ እንደሆነች ደግመው ጠየቁ። የዐብደላህ ባለቤት መሆኗን ሲሰሙ ነው መልሱን የሰጡት፤ ሁለት አጅር አላቸው፣ የዝምድናና የሶደቃ።

ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። የሶደቃን ደረጃ ለማስረዳት ይነገራል። እኛ ግን በዚያ ማታ ዝርዝራችንን ይዘን ስናስበው ሌላ ነገር ታየን። በሩ ላይ የቆመው ሰው ይታወቃል፤ ታማኝ ነው። መልስ ሰጪውም ከመመለሳቸው በፊት ጠያቂዋ ማን እንደሆነች ማወቅ ፈለጉ። መዲና ውስጥ ዘይነብ የምትባል አንዲት ብቻ አልነበረችም። ባሏ ድሃ የሆነባት ዘይነብና ባሏ ባለጸጋ የሆነው ዘይነብ አንድ ዓይነት ሴት አይደሉም። የእኛ ቻናል መልስ ሰጪ ግን የትኛዋ ብሎ አይጠይቅም። አይችልምም፤ ከጥያቄያችን ሥር መቶ ሌላ ጥያቄ ተደርድሮ ይጠብቀዋል።

በ684 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የግብፁ ማሊኪያ ዓሊም አል-ቀራፊ «አል-ፉሩቅ» በተባለው ኪታባቸው ፈትዋ ለሚሰጥ ሰው የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ከሌላ አገር ሰው መጥቶ ሲጠይቅህ በራስህ አገር ልማድ አትመልስለት፤ የእሱን አገር ልማድ ጠይቀህ በዚያ መልስለት ይላሉ። ኪታብ ላይ በተጻፈው ብቻ ለዘላለም መድረቅን ጥመት ነው እስከ ማለት ደርሰዋል። ይህ ለምህንድስና ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። የአፈር ምርመራ ሳይደረግ መሠረት አይወጣም። ለአሸዋ መሬት የተሠራን ስሌት አምጥቶ ዝናብ ሲያገኝ በሚያብጥ፣ ሲደርቅ በሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይ ያሠራ መሐንዲስ ስሌቱ ትክክል ነበር ብሎ ቢከራከር ማን ይሰማዋል? ቤቱ ተሰንጥቋል።

ከመካከላችን አንዱ በአንደኛ ዓመቱ የአያቱን ወዳጃ ጠየቀ። መልሱ በአንድ ቃል መጣ፤ ሺርክ። ለእረፍት ቆቦ ሲገባ ጀበናው ተጥዶ፣ ጭሱ እየጨሰ፣ ዱበርቲዎቹ ተሰብስበው አገኛቸው። ምጥ ለያዛት ጎረቤት ዱዓ ሊያደርጉ ነው። በሩ ላይ ቆሞ የተባለውን ነገራቸው። አያቱ «ማን አለህ?» አሉት። «አላውቀውም» አለ። «እሱስ እኔን ያውቀኛል?» አሉት። መልስ አልነበረውም። አያቱ ከዚያ በኋላ ለሁለት ክረምት ያህል እሱ ባለበት ዱዓ አላደረጉም፤ ምርቃታቸውንም ያዙበት። በመጨረሻ መድረሳ ያስተማሩን ሸኽ ዘንድ ይዟቸው ሄደ። ሸኹ ሺርክ ነው ወይም አይደለም ብለው አልጀመሩም። እማማ፣ እጃችሁን ስትዘረጉ ማንን ነው የምትለምኑት? ዱዓውን እስኪ ልስማው? የሚታረድ አለ ወይ? በማን ስም? ጭሱ ለምንድን ነው? ብለው አንድ በአንድ ጠየቁ። ከዚያ ይህ ዱዓ ነው፣ ያዙት፤ ይህቺ ግን ከአላህ ሌላ መጥራት ናትና ተዉአት አሏቸው። አያቱም ተዉ። ሌላው ዱዓ እስከ ዛሬ አለ።

ይህን ስናወራ «ልማድን ለማቆየት ነው የምትከራከሩት» የሚለን ወንድም እንደማይጠፋ እናውቃለን። አይደለም። የወሎ መሻኢኾች የአካባቢያቸውን ልማድ ሲተቹና ሲያርሙ ነው የኖሩት፤ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና በጻፉት መጽሐፍ ላይ ተሐድሶው ከዚያው ከአገር ሰው እንደተነሳ እናነባለን። ልዩነቱ፣ እነሱ የሚያርሙትን ነገር ቁጭ ብለው አይተውታል።

ወደ እህቶች ጉዳይ እንምጣ። የሚከተለውን የምንጽፈው በባለቤቷ ፈቃድ ነው። አንዲት እህታችን ረመዳን ላይ ደሟ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልቆም አላት። አንድ ቻናል ጠየቀች። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ከልማድሽ ቀን በላይ ያለው ኢስቲሓዷ ነው፣ ታጠቢ፣ ስገጂ፣ ጹሚ። በፊቅህ ሚዛን መልሱ ስህተት አይመስልም። ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ ተመሳሳይ ጉዳይ ይዛ ስትመጣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሐይድ ደም እንዳልሆነ ነግረዋት በልማዷ ቀን ልክ ሶላት እንድትተው፣ ከዚያ ታጥባ እንድትሰግድ አዘዋታል። እህታችንም ታጠበች፣ ሰገደች፣ ጾመች። በሃያ ስድስተኛው ቀን ላቦራቶሪ ክፍል ውስጥ ወደቀች። ክሊኒክ ስትወሰድ ደሟ በጣም አንሶ ተገኘ። መልስ ሰጪው «ሐኪም አይቶሻል?» ብሎ አልጠየቃትም። የታመመ ሰው መጾም እንደሌለበት እሱም ያውቃል፤ መታመሟን ግን አላወቀም።

አቡ ዳዉድ የዘገቡትን ታሪክ ያነበበ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ጉዞ ላይ አንድ ሰው ድንጋይ ራሱን ፈነከተው። ሌሊት የትጥበት ግዴታ መጣበት፤ ተየሙም ይበቃኝ ይሆን ብሎ ጓደኞቹን ጠየቀ። ውኃ እያለህ አይበቃህም አሉት። ታጠበና ሞተ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ ክፉኛ ተቆጡ፤ ገደሉት አሉ፣ ካላወቁ ለምን አልጠየቁም፣ ያለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ ነው አሉ። ልብ እንበል፤ ሰውየው ጠይቆ ነበር።

ታዲያ እህታችን ለምን ጀመዓችንን አልጠየቀችም? ይህን ስንጠይቃት ሳቀች። የእህቶች ጥያቄ መቀበያ ተብሎ የተለጠፈው ስልክ ቁጥር የአሚሩ ነው። ወንድ ነው፤ ደግሞም የሴክሽኗ ልጅ ነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኑት ሐያእ ዲናቸውን ከማወቅ ስላላገዳቸው ነው እያልን በየደርሱ እንናገራለን። ዑሙ ሱለይም የጠየቀችውን እያወሳን እናደንቃለን። እናደንቅና ስልኩን አሚሩ ኪስ ውስጥ እንተወዋለን። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ ቻናሉ ላይ የሚለጠፍ ሰበብ የለውም።

ከዚህም የሚከብድ ጥያቄ አለ። ራያ ውስጥ ጦርነቱ ከሄደ በኋላ ባሎቻቸው የት እንደገቡ የማይታወቅ ሴቶች ቀርተዋል። አንዷ የአንዳችን አክስት ናት። ባሏ በነሐሴ 2014 እንደወጣ ቀረ፤ ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። ታግባ? ትጠብቅ? ዒዳ ትቁጠር? ከመቼ ጀምራ? ልጇ ለአንድ ቻናል ጻፈላት። «አራት ዓመት ትጠብቅ» ተባለ። ሌላ ቻናል «ሞቱ እስኪረጋገጥ በኒካሑ ውስጥ ናት» አለ። ሁለቱም ከኪታብ ነው የመለሱት። አራት ዓመት ጠብቃ ከዚያ አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትቆጥራለች የሚለው ከዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የመጣ ፍርድ ነው፤ ማሊኪዮች ይዘውታል። ኢማሙ ሻፊዒይ በኋለኛው አቋማቸው እርግጠኛ ነገር እስኪገኝ ትጠብቅ ብለዋል። ሐነፊዮች ደግሞ እኩዮቹ እስኪያልቁ ድረስ ይላሉ። ወሎ ውስጥ የሚቀራው ሻፊዒይና ሐነፊይ ነው። የሠላሳ ዓመት ሴት ከሦስቱ መልስ የትኛውን ትያዝ?

ይህ የቻናል ጥያቄ አልነበረም፤ የቃዲ ጉዳይ ነው። አገራችን ውስጥ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በሩን ከፍቷል፤ በፌዴራል ደረጃ አዋጅ 188/1992 አለ፣ በክልልም የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉ። ቃዲ ምስክር ይሰማል፣ አብረውት የነበሩትን ያስጠራል፣ የሴትዮዋን ኑሮ ያያል፣ ከዑለማዎቹ ንግግር ለጉዳዩ የሚሆነውን መዝኖ ይፈርዳል። ፍርዱም ማኅተም አለው፤ ነገ ባልየው ቢመጣ ወይም ቤተሰቡ ቢከሳት የምታሳየው ወረቀት ነው። የስልክ ስክሪንሾት ማንን ያሳምናል? አክስታችን ይህን መንገድ የሚነግራት ሰው ያገኘችው ሁለት ዓመት በቻናሎች መካከል ከተንከራተተች በኋላ ነው። የነገራትም ገበያ ላይ ያገኘችው የሰፈር ሸኽ ነው።

አሁን ጌሙ። የጌም ጥያቄ የተለመደ ቀልዳችን ስለሆነ ብዙዎች ይስቃሉ። ዑለማዎች ግን ስለ ጨዋታ ከጥንት ጀምረው ተከራክረዋል፤ ስለ ሸጠረንጅ፣ ማለትም ቼዝ፣ አብዛኞቹ ሲከለክሉ ኢማሙ ሻፊዒይ የተጠላ ነው እንጂ ሐራም አላሉትም። ስለ ፐብጂም ከዓለም ዙሪያ ብዙ ተብሏል። በ2011 ኢራቅና ዮርዳኖስ አግደውታል፤ በ2012 ደግሞ ተጫዋቹ ለጣዖት የሚያጎነብስበት ነገር ገብቶበት ሙስሊሞች ሲቆጡ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ አንስቶታል። ቁማር ካለበት፣ ሶላት ካሳለፈ፣ ጣዖት ካለበት መልሱ ይታወቃል፤ ለዚህ ፈትዋ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም።

አራት ጊዜ ከተጻፉት የጌም ጥያቄዎች አንዱንና ያቺን ስለ እንቅልፍ የተጻፈችውን ጥያቄ የጻፈው ግን አንድ ሰው መሆኑን ቆይተን አወቅን። ለስድስት ቻናል ልኮ ስድስት መልስ አግኝቷል፤ ሦስቱ ሐራም፣ ሁለቱ ይቻላል፣ አንዱ ስድብ። ሐራም ያሉትን ሰምቶ ጌሙን ሰረዘ፤ በሦስተኛው ቀን መልሶ ጫነው። ሱብሕ ላይ መስጂድ እየመጣ ሱጁድ ላይ እንቅልፍ ሲወስደው ያዩት የመስጂዱ ሙአዚን አንድ ቀን ጎን ቁጭ ብለው «ልጄ፣ ሌሊት ለምን አትተኛም?» አሉት። የዚያን ቀን አወራ። የቆቦ ልጅ ነው። በ2013 ክረምት ከተማው በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሲገባ እዚያው ነበር፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ሪፖርቱ የመዘገበው የጳጉሜ 4ቱ የሲቪሎች ግድያ ሲፈጸምም እዚያው ነበር። ጸጥታ ሲሆን አይተኛም። በጆሮ ማዳመጫ የጌም ተኩስ እየሰማ ይሻለዋል፤ ይህኛውን ሲፈልግ ያጠፋዋል።

ሙአዚኑ ዓሊም አይደሉም። ፈትዋም አልሰጡትም። ለሁለት ሳምንት ከዒሻ በኋላ እስኪተኛ ድረስ መስጂድ ውስጥ አብረውት ቆዩ፤ ከዚያ አንድ የጤና ሳይንስ መምህር ጋር አገናኙት፤ አሁን ሕክምናውን እየተከታተለ ነው። ጌሙን አሁንም ይጫወታል፤ እኛም እንጫወታለን፣ እሱ ግን ያሸንፈናል።

አንድ የሙያችንን ነገር እናንሳ፤ ስም ደብቀን ጠየቅን የምንለው ስንቱን እንደሚመለከት። ቴሌግራም ላይ ለቦት መልእክት ስትልኩ ቻናሉ ላይ ስማችሁ ላይወጣ ይችላል። ቦቱን የሠራው ሰው ግን የአካውንታችሁን መለያ ቁጥር፣ ያስመዘገባችሁትን ስምና የተጠቃሚ ስማችሁን ያገኛል፤ ከፈለገ ሁሉንም ጥያቄያችሁን ከነቀኑ ያስቀምጣል። እንዲህ ያለ ቦት መሥራት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ሠርተን አይተነዋል። ከላኪና ተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ተደርጎ የሚቆለፈው «ሚስጥራዊ ቻት» የሚባለው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከቦት ጋር አይሠራም። ከእህቶቻችን አንዷ ስለ ኒካሕ የጠየቀችውን፣ ቦቱን የሚቆጣጠረው ሰው በግል እየጻፈ ሲያስጨንቃት ከርሟል። ቁጥሯን እስከ መቀየር ደርሳለች። የሰፈር ሸኽ ለአባቴ ይነግሩብኛል ብላ ነበር ወደዚያ የሄደችው። አሁን አሁን ደግሞ ሰው ያልሆነውን፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመልሰውን ማሽንም መጠየቅ ጀምረናል። እሱ አያስፈራራም። ግን ሐዲስ ሲጠቅስ የሌለ ሐዲስ ጠቅሶ አግኝተነዋል፤ የሌለም ነው ስንለው ይቅርታ ጠይቆ ሌላ የሌለ አመጣ።

እኛ የቆቦ ልጆች ማያውቁት ሰው በድንገት ሲጠፋ ምን እንደሚመስልም እናውቃለን። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆቦ መብራትም ስልክም አልነበራትም። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገር ደረጃ ሲታገዱ በቪፒኤን ተሻገርነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ የአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ግን የሞባይል ዳታው ራሱ ለብዙ ወራት ተቋረጠ፤ ቪፒኤን ደግሞ የሌለ መስመር አይፈጥርም። ይህን ዓይነቱን መዝጋት አንደግፍም። በአንድ ክልል ሕዝብ ላይ ጨለማ መጣል ከየትኛውም ወገን ይምጣ በደል ነው፤ ታማሚው ሐኪም፣ ነጋዴው ገበያ፣ ተማሪው ትምህርት አጥቷል። ነገር ግን በ2013 ጨለማ ውስጥ ሰው ሲሞት ከፈን ካልተገኘ በምን እንደሚከፈን፣ ውጭ መውጣት በማይቻልበት ሰዓት እንዴት እንደሚቀበር፣ እህል ለጎደለበት ጎረቤት ዘካን ቀድሞ ማውጣት ይቻል እንደሆነ የጠየቅነው በአጥር ዘለን የሄድንባቸውን ሸኽ ነበር። አንዱንም ጥያቄ ነውር ነው አላሉም። መብራት ሲመጣ ረሳናቸው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የማናውቃቸው ሰዎች የጠቀሙንም አሉ። ዞብል ተራራ ላይ ያለች ልጅ ሐይድ ሲመጣባት እናቷም የማትነግራትን፣ አካባቢዋም የሚያስተምራት ሴት የሌለውን ነገር ከቻናል ተምራለች። ቁርኣን በተጅዊድ ያስተካከልነው ፊታቸውን ባላየናቸው ኡስታዞች ነው። የተጻፈ ዒልም፣ የተቀዳ ደርስ፣ አጠቃላይ ሑክም ከየትም ቢመጣ ኸይር ነው፤ አላህ ይመንዳቸው። እኛ የምንለው ስለ ሌላው ነው፤ መልሱ በማንነትሽ፣ በኑሮሽ፣ በጤናሽ፣ በባልሽ ላይ ተንጠልጥሎ ስላለው ጥያቄ።

ለዚህ አንድ ነገር ሠርተናል፤ ትንሽ ናት። ከግቢ ውጭ ባለው መስጂድ የሴቶች መግቢያ አጠገብ የእንጨት ሳጥን ሰቅለናል፤ በወንዶቹ በኩልም ሌላ አለ። ጠያቂ ስሙን አይጽፍም፤ ራሱ የመረጠውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ይጽፋል። መልሱ በዚያ ቁጥር ታሽጎ ሳጥኑ ሥር ባለው መደርደሪያ ይቀመጥለታል። ዋናው ነገር ግን መልስ ሰጪው መልሶ መጠየቅ መቻሉ ነው። «4417፣ ሐኪም አይቶሻል? መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ብሎ ይጽፋል፣ እሷም ጽፋ ትመልሳለች። የትኛዋ ዘይነብ እንደሆነች ስሟን ሳትናገር ማስረዳት ትችላለች ማለት ነው። የእህቶችን ጥያቄ ለመመለስ ወልዲያ ኪታብ የጨረሱ አንዲት ኡስታዛና የሚድዋይፈሪ ተመራቂ የሆነች እህት ፈቃደኛ ሆነዋል። የፍርድ ቤት ጉዳይ ሲመጣ የሕግ ተማሪዎች ወደ ቃዲ የሚወስደውን መንገድ ይጽፋሉ። ሸኻችንም ከቆቦ በስልክ እሺ ብለዋል፤ «ሰውየውን ካላገናኛችሁኝ የማልመልሰው ይኖራል» የሚል ማስጠንቀቂያ አስቀድመው።

ሳጥኑ በተሰቀለ በሦስተኛው ቀን ከሴቶቹ በኩል አንድ ወረቀት ገባ። ቁጥርም ሑክምም የለውም። «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ይላል። ቁልፉ እኛ ጋ ነበር፤ ሳጥኑን የሠራነው እኛ ነንና። መልሱን ለመጻፍ አፈርን። ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ለእህቶች ክፍል እናስረክባለን። አሮጌው ቁልፍ በስንት እጅ እንዳለፈ ስለማናውቅ መቆለፊያውንም አዲስ ገዝተናል፤ ከነማሸጊያው ነው የምንሰጣቸው።